ዕረፍት ያለው ትምህርት፤ በጣና ዳር የተደረገ ምልልስ

መምህር፦ ልጄ፣ ትናንት ረፋዱ ላይ ከባሕሩ ዳር ባለው መንገድ ሳልፍ ሁለቱን ልጆችሽን ከዋርካው ሥር ተቀምጠው አየኋቸው፤ ታላቂቱ ደብተር ይዛ ትጽፋለች፣ ታናሹም ከደንገሉ መካከል የሚወጡትን ታንኳዎች በጣቱ እያመለከተ ይቈጥራል። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ መስከረምም ጠብቶ የሠፈራችን ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ልጆችሽን በቤት ማስተማርሽን ስሰማ መርቄሽ ነበር፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ በቤት ማስቀረትሽ ግን፣ አርባ ዓመት ጠመኔ ይዤ ለኖርሁና አንቺንም ራስሽን ፊደል ላስቈጠርሁ ሰው፣ አይቶ እንዳላዩ የሚታለፍ ነገር አልሆነልኝምና ምክንያቱን ከአፍሽ ልሰማ መጣሁ።

እናት፦ እንኳን መጡ ጋሼ፤ ይቀመጡ። የእርስዎ ጥያቄ ከሌላው ሰው ጥያቄ ሁሉ ይከብደኛል፤ ስለዚህም የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርዎ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በአገሩ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲዘጋ በታወጀ ጊዜ ታላቂቱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እኔም እንዳትዘገይብኝ በመስጋት ሳሎኑን ክፍል አደረግሁት፤ ሰሌዳ ሰቀልሁ፤ በስልኬ ደወል እየደወልሁ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስድስት ዓይነት ትምህርት አፈራረቅሁባት። በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ደብተሩን ስታይ ታለቅስ ጀመር፤ እኔም እጮህ ጀመር፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለን እናትና ልጅ ተፈራራን። ሰሌዳውን ያወረድሁት ያን ጊዜ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን ግጭቱ በርትቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ የእኛም አንድ ጊዜ ተከፍቶ አንድ ጊዜ ሲዘጋ፣ ልጆቹ በር በኃይል በተዘጋ ቍጥር የሚደነግጡ ሆኑ። ከትምህርት ዓይነት ሁሉ በፊት የሚያስፈልጋቸው ጧቱ ከማታው የሚያያዝ፣ ነገም እንደ ዛሬ እንደሚነጋ የሚያምኑበት የረጋ ቀን መሆኑን በዚያ ተረዳሁ።

መምህር፦ የድንጋጤውን ነገር አልከራከርሽም፤ እኔም ከቤቴ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን ዕረፍት የሚለውን ቃል ከትምህርት ጋር ተጣምሮ ስሰማ ልቤ ይሰጋል። ትምህርት በላብ የሚገኝ ነው። የጥንቱ ልጅ መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያለ ያንኑ ገጽ እየተመላለሰ ካልደቈሰው ወደ ዳዊት አይሻገርም፤ ዳዊትም 150 መዝሙር ነው። ልጁ ደከመኝ ባለ ቍጥር ደብተሩ የሚታጠፍለት ከሆነ፣ ያ ልጅ ያረፈ ሳይሆን የሰነፈ ይሆናል።

እናት፦ ደብተሩ የሚታጠፈው ልጁ ስለ ደከመው አይደለም፤ ጊዜው ስለ ሞላ ነው። ጧት ቁርስ እንደ ተነሣ ሂሳብና ጽሕፈት አለ፤ ለታናሹ ሃያ ደቂቃ፣ ለታላቂቱ አርባ ደቂቃ፣ በዚያም ጊዜ ውስጥ ዓይን ከደብተር አይነሣም። ረፋድ ላይ ወደ ባሕሩ እንወርዳለን። ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት የጽሞና ነው፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይሥላል፣ ማንም ማንንም አያናግርም። ማታ መብራት ቢኖርም ባይኖርም የቃል ትምህርት ነው፤ አባታቸው ታሪክ ይነግራቸዋል፣ እነርሱም በራሳቸው አንደበት መልሰው ይተርኩለታል። ቅዳሜና እሑድ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሁለቱም ሰንበታት ናቸውና፣ ደብተር አይከፈትም። ዕረፍት ያልሁት ይህን ነው፤ ሥራው ልክ አለው፣ ልኩም ይከበራል። ፈረንጆችም ትምህርት ቤትን የሚጠሩበት ስም የተወለደው ስኮሌ ከሚባል የጽርእ ቃል ነው፤ የቃሉም የጥንት ትርጓሜ ከኑሮ ግብግብ ማረፍ፣ ልብን ለማሰብ ነጻ ማድረግ ማለት ነበር። ከ1842 እስከ 1923 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የኖረችው እንግሊዛዊት መምህርት ሻርሎት ሜሰን፣ መኖሪያዋን እንደ እኛ በሐይቅ አጠገብ በአምብልሳይድ አድርጋ፣ ለትንንሽ ልጆች ትምህርቱ አጭር ይሁን፣ ትኵረቱ ግን ሙሉ ይሁን፣ የቀረውም ጊዜ በሜዳ ላይ ይዋል ብላ አስተምራለች። የእኛ የቅኔ ተማሪስ ቀኑን ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቈጥር የሚውለው፣ የቈጠረውንም ማታ ለመምህሩ የሚነግረው፣ ጽሞና የትምህርቱ አካል ስለ ሆነ አይደለምን?

መምህር፦ የቅኔን ተማሪ ከጠራሽው ሙሉውን ጥሪው። ያ ተማሪ ከዛፉ ሥር ከመቀመጡ በፊት ከአባቱ ቤት ወጥቷል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ውሻ እየተከላከለ ለምኖ እየበላ ለቅኔ ወደ ዋሸራ፣ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ የሚሄደው፣ በእናቱ ጓዳ አጠገብ ሆኖ ሊቅ መሆን እንደማይቻል አባቶቻችን ስላወቁ ነው። እናቱ ስትጠራው የሚነሣ ልጅ ቅኔ አይሞላለትም። የእኛ ትምህርት ሥሩ ስደት ነው፤ አንቺ ደግሞ ሥሩን ትተሽ ጥላውን ብቻ ትጠቅሻለሽ።

እናት፦ እውነት ነው፤ ይህን ሳላስበው አልቀረሁም። ነገር ግን የሚሰደደው ፊደልና ንባብ ከቤቱ አጠገብ ከጨረሰ በኋላ፣ እግሩም ልቡም ከጸና በኋላ ነው፤ የእኔ ደግሞ ትልቋ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ለሴት ልጅ ደግሞ ያ የስደት መንገድ መቼ ተከፈተላት? ዓይነ ሥውር የነበሩት የጎጃሟ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔውን ያገኙት ከአባታቸው ነው። አኮፋዳ አንጠልጥላ አገር ለአገር ልትዞር ያልቻለች ዓይነ ሥውር ልጅ በአባቷ እግር ሥር ተቀምጣ ተምራ፣ ወንዶች ሊቃውንት ቅኔ የሚቀበሉባት መምህርት ሆነች። የአባት ቤት ለአንዳንድ ልጅ እስር ቤት፣ ለአንዳንድ ልጅ ደግሞ ብቸኛው ጕባኤ ቤት ይሆናል።

መምህር፦ መልካም ምሳሌ አመጣሽ፤ ግን አባትየው ራሳቸው የቅኔ መምህር ነበሩ! የገበሬ ልጅ፣ የሸማኔ ልጅ ዓይኗን ብታጣ ማን ያስተምራት ነበር? በቤት መማር ድሮም ነበረ፤ የጌቶች ነበረ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ ልጅ ናትና መምህር በቤቷ ተቀጥሮላት ትማራለች፤ ለአባቷ የሚገብረው ገበሬ ልጅ ግን ይህን አያገኝም። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተ ጊዜ የተጀመረው ነገር ቀስ በቀስ እዚህ ደርሶ፣ በ1965 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ የፔዳጎጂ አካዳሚ እስኪቋቋም ድረስ የተደከመበት፣ ዕውቀት ከጌታው እልፍኝ ወጥታ በአደባባይ እንድትቀመጥ ነው። ከእኔ ክፍል ውስጥ የቄሱ ልጅና ታንኳ የሚያስረው የነገደ ወይጦ ሰው ልጅ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው በአንድ እርሳስ ሲጽፉ አይቻለሁ። ወላጆቻቸው በአንድ ማዕድ ሲቀመጡ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ልጅሽ ትናንት ታንኳዎቹን ቈጠረ፤ ታንኳውን የሚያስረውን ሰው ልጅ ግን ስሙን ያውቃልን?

እናት፦ አያውቅም።

መምህር፦ እንግዲህ ይህን የሚያስተምረው ዴስኩ ነው፤ እኔ እንኳ አላስተማርሁትም።

እናት፦ በዚህ ላይ የምመልሰው የለኝም፤ ያሳፍረኛልም። ግን ዴስኩ ዛሬ ያ እርስዎ የሚያውቁት ዴስክ ነው ወይ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በተፈተኑ ጊዜ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በሚከተለውም ዓመት ከዚያ አልተሻለም። አሥራ ሁለት ዓመት በየጧቱ ተነሥተው፣ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ተሰልፈው ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው የሄዱ ልጆች ናቸው። እኔ ያን ቍጥር በሰማሁበት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሰነፎች ናቸው ብዬ አልፈረድሁባቸውም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመጽሐፍ ጋር የሚያዋድዳቸው ጸጥ ያለ አንድ ሰዓት ማን ሰጣቸው ብዬ ነው ያሰብሁ።

መምህር፦ ያ ቍጥር የእኔም ቍስል ነው፤ ከእነዚያ መካከል ያስተማርኋቸው አሉና። ነገር ግን መድኃኒቱን ተመልከቺ። የወደቀውን ትምህርት ቤት ሊያቆሙት የሚችሉት ማናቸው? በወላጅ ስብሰባ ተነሥተው መጽሐፉ የት ደረሰ፣ የሂሳብ መምህሩ ለምን ቀረ ብለው የሚጠይቁት እንደ አንቺ ያሉት አይደሉምን? አንቺ ልጆችሽን ይዘሽ በወጣሽ ዕለት ጠያቂው አብሮ ወጣ፤ የሚቀረው ልጁ ምን እንደሚማር የማያውቀው፣ ቢያውቅም ለመናገር የማይደፍረው ወላጅ ነው። አንቺ ታንኳ ላይ ወጥተሽ ዳኑልኝ ትያለሽ፤ ታንኳው ግን የተሠራው ከዚያው ከባሕሩ ደንገል ነው። ነገሩ በዓለምም ገና ክርክሩ አልተቈረጠም፤ በአሜሪካ በሃምሳውም ግዛት ልጅን በቤት ማስተማር የተፈቀደ ነው፣ በጀርመን አገር ግን ሕጉ ልጅ ሁሉ ወደ ትምህርት ቤት ይሂድ ይላል፤ ሁለቱም ልጆቻቸውን የሚወዱ ሕዝቦች ናቸው።

እናት፦ ልጅ ግን ወላጁ ትምህርት ቤቱን እስኪያቃና ድረስ ሳያድግ አይጠብቅም ጋሼ። አንድ ቀን የሆነውን ልንገርዎ። ታላቂቱ ከባሕሩ ዳር አንዲት እምቦጭ አግኝታ በባልዲ ውኃ አመጣች። አረሙ በ2004 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቁ ዳር ከታየ ወዲህ እንዴት እንደ ተስፋፋ አባቷ ነግሯት ነበርና፣ ‹‹አንዷ ሁለት፣ ሁለቷ አራት ብትሆን›› ብላ ተቀምጣ ማባዛት ጀመረች። ዐሥር ጊዜ ስትታጠፍ 1,024 ደረሰች፤ ደስ አላት። ሃያ ጊዜ ስትታጠፍ ቍጥሩ ከሚሊዮን አለፈ፤ ይህን ጊዜ እርሳሱን አስቀምጣ ባልዲውን ትክ ብላ አየችው፣ ‹‹እማዬ፣ ዓሣዎቹ በምን ይተነፍሳሉ?›› አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብላ ተቀመጠች፤ እኔም ዝም አልሁ። በዚያች ሰዓት ደወል ተደውሎ ወደ ሌላ ትምህርት ግቢ ብትባል ኖሮ ያ ጥያቄ በልቧ ሳይበስል ይቀር ነበር። አያቴ የዘጌ ሴት ነበሩ፤ በዘጌ መሬቱ በበሬ አይታረስም፣ ይህም ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የኖረ ሥርዓት ነው ይባላል። ያ ሁሉ ጫካ እስከ ዛሬ ቆሞ፣ ቡናው ከጥላው ሥር የሚያፈራው መሬቱ ስላልተገለባበጠ ነው። የልጅም አእምሮ በየአርባ ደቂቃው ካልታረሰ አያፈራም ያለው ማን ነው?

መምህር፦ ዘጌን እኔም አውቀዋለሁ፤ በወጣትነቴ ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል በታንኳ እየተሻገርሁ ሄጃለሁ። ስለዚህ በምሳሌሽ ላይ የቀረውን ልጨምርበት። የዘጌ ሰው ቡናውንና ጌሾውን ይዞ ተሻግሮ ሸጦ፣ የሚበላውን እህል ከገበያ ገዝቶ ይመለሳል። መሬቱን ያላረሰ ሰው የሚበላው ሌላ ሰው ያረሰውን ነው። አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽና አትቀየሚኝ፤ ያ የረጋ ጧትሽ ሲነጋ፣ አንቺ ከታናሹ ጋር ሃያውን ደቂቃ ስትቀመጪ፣ በጓዳ እንጀራውን የሚጋግር ማን ነው? ቅድም ስገባ ቡና ያቀረበችልኝ ልጅ ዕድሜዋ ስንት ነው?

እናት፦ አሥራ አምስት።

መምህር፦ ስንተኛ ክፍል ናት?

እናት፦ ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ነው ከገጠር የመጣችው። ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ፣ ወላጆቿም ቢፈሩላት ከእኛ ዘንድ ትሁን ብለው ሰደዷት።

መምህር፦ እንግዲህ የቤትሽ ዕረፍት የተገዛው በማን ድካም እንደ ሆነ ታያለሽ። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ ብዬ አይደለም፤ በእኔም ቤት እንዲሁ ነበር፤ እኔ አርባ ዓመት የሰውን ልጅ ሳስተምር በቤቴ ያገለገለችው ልጅ ስሟን ሳትጽፍ አግብታ ሄዳለች። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሠራተኛ የሌላት እናትስ፣ በፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራው፣ ጕልት የምትቸረችረው፣ ይህን የረጋ ቀን ከየት ታምጣው? ትምህርት ቤት በስንፍናውም በድህነቱም ለእርሷ አንድ ነገር ያደርግላታል፤ ልጇን እስከ ቀትር ይይዝላታል።

እናት፦ ጋሼ፣ ስለ ልጅቷ የሚሉትን እኔም ከመንፈቅ በፊት በራሴ ላይ አግኝቼዋለሁ። ከሰዓት በኋላ በጽሞናው ሰዓት፣ ሁላችን ዝም ባልንበት፣ ከጓዳ በር ላይ ተቀምጣ ሊጥ በተነካ ጣቷ በወለሉ ላይ ስትጽፍ አገኘኋት። ታናሹ በጧት የጻፋቸውን ቃላት ነው፤ ከበሩ ጀርባ ሆና ስትሰማ ቈይታ ኖሯል። ስታየኝ በቀሚሷ ጫፍ አጠፋችው። ከዚያ ወዲህ በጽሞናው ሰዓት ከእኛ ጋር ትቀመጣለች፣ ማታም ታላቂቱ ታስነብባታለች፤ በንባብ ቤት ቀደም ያለው ተማሪ ተከታዩን እንደሚያስነብብ ማለት ነው። ጋገራውን ለሁለት ቀን በአንድ ጊዜ አደረግነው፤ ባለቤቴም የጧቱን ቁርስ ያዘ። ቤቱ ከቀድሞው ይልቅ ረጋ። ዕረፍቱ ሥራው ለሁላችን በተከፋፈለ መጠን እንጂ በአንዷ ጫንቃ ላይ በተከመረ መጠን እንደማይጸና ያየሁት በዚህ ነው።

መምህር፦ መልካም አድርገሻል፤ ግን አልበቃም። የማንበብ ሰዓት ሰጠሻት፤ ወረቀት አልሰጠሻትም። ነገ ከአንቺ ቤት ብትወጣ አራተኛ ክፍል ያቋረጠች እንደ ሆነች ትወጣለች። የአንቺ ልጆች ቢቸግራቸው በግል ተፈታኝነት ይፈተናሉ፤ አንቺ መንገዱን ታውቂዋለሽ። እርሷ የማን ደጅ ታንኳኳለች?

እናት፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

መምህር፦ የማታው ትምህርት ምዝገባ ዓርብ ያበቃል። ስሟን እኔ አስመዘግባለሁ፤ ርእሰ መምህሩ ተማሪዬ ነበር። ከወላጆቿ ፈቃድ በስልክ ተቀበይ፤ ማታም ብቻዋን አትመለስ፣ ባለቤትሽ ይሂድላት። ስለ ልጆችሽ ግን ሐሳቤን አልለወጥሁም። ያ የባልዲው ነገር ልቤን ነክቶታል፣ አልክድም፤ እኔ በአርባ ዓመት ውስጥ ለስድሳ ልጅ እንዲህ ያለ ሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ መስጠት አልቻልሁም። ነገር ግን ያ ጥያቄ በሌሎች ሃምሳ ዘጠኝ ልጆች ፊት ተጠይቆ ቢሆን ብዬ አስባለሁ።

እናት፦ እኔም ሃምሳ ዘጠኙ በተቀመጡበት ክፍል ከቶ ይጠየቅ ነበርን ብዬ አስባለሁ።

መምህር፦ ሊጠየቅም ላይጠየቅም ይችላል።

እናት፦ እንግዲያስ ዓርብ ታላቂቱ ከእርስዎ ጋር ትሂድ፤ ክፍሉን ትየው፣ ከልጆቹም ጋር ትቀመጥ፣ ከዚያ በኋላ እርሷን ራሷን እንጠይቃታለን። ታናሹ ግን ይህን ዓመት ከእኔ ጋር ይቈያል፤ በሌሊት መባነኑ ገና አልተወውም። ታንኳ የሚያስረውን ሰው ልጅ ስም ግን ነገ ረፋድ ላይ ወርደን እንጠይቃለን።

መምህር፦ ዓርብ ጧት በሁለት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። የልጅቷን የአራተኛ ክፍል ካርድ፣ ካለ፣ ይዛችሁ ኑ።